ባላጋራን ሁሉ «ጠላት» ማለት ከየት መጣ?



በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ የቋንቋ ጉዳይ ነው። «ሰው በሚሞትበት ጊዜ ስለ ቃላት መጻፍ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይሁን እንጂ የሰው ቤት ከመቃጠሉ በፊት የሚቀጣጠለው ስሙ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ከመምታቱ በፊት ስም ያወጣለታል፤ ስሙ ከተለመደ በኋላ ዱላው ብዙም አይከብድም። ስለዚህ በጥላቻ፣ በጠብና በሙግት የሚገናኙ ሰዎችን የምንጠራባቸውን የአማርኛ ቃላት አንድ በአንድ እያነሣን ብንመዝን ጊዜ ማባከን አይሆንም።

መነሻችን ይፋት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ጣርማ በርን አልፎ ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ አየሩ እየሞቀው፣ የደረበው ልብስ እየከበደው ይሄድና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቆላ መግባቱን ሰውነቱ ይነግረዋል። ከዚያ ወዲያ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራ ቆሬ እያለ ከሚሴ ይገባል። በዚህች አጭር መንገድ ግራና ቀኝ አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው ይኖራሉ፤ ከምሥራቅ በኩል ደግሞ አፋሩ ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ይወጣል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን መገኘቱ ለአገሬው ወሬ አይሆንም። የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ይህን ሁሉ ሕዝብ አንድ ሜዳ ላይ ሲሰበስብ ኖሯል።

በዚሁ መንገድ ላይ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ አጣዬ ተቃጠለች፤ ጥፋቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ዘለቀ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የህወሓት ኃይሎች ሸዋ ሮቢትን ያዙ፤ ወሩ ሳያልቅ የመንግሥት ጦር መልሶ ያዛት። በጥር 2015 ዓ.ም. ጀውሃ፣ ሰንበቴና አጣዬ እንደገና ደም አዩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ሌላ ውጊያ ተከፈተ። በየጊዜው ዜና የሚጽፈው ሰው፣ መግለጫ የሚያወጣው ባለሥልጣንና ቡና ላይ የሚያወራው ጎረቤት ሁሉ አንድ ነገር መምረጥ ነበረበት፤ ይኸውም በዚያ ወገን ያለውን ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው። አብዛኛው ሳያስብ «ጠላት» አለ።

እንግዲህ ከዚሁ ቃል እንጀምር። «ጠላት» የመጣው «ጠላ» ከሚለው ግሥ ነው። ከዚሁ ሥር «ተጣላ» የሚልም አለን፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። «ተጣላ» ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ብቻውን የሚጣላ የለም። ሁለት ሰዎች ከተጣሉ የተጣሉበት ምክንያት፣ የተጣሉበት ቀን፣ በመጨረሻም የሚታረቁበት ቀን ይኖራል። «ጠላት» ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው ነገር ነው። እኔ አንተን ጠላቴ ለማድረግ ያንተ ፈቃድም ያንተ ሥራም አያስፈልገኝም፤ ጉዳዩን ላትሰማውም ትችላለህ። አንተ በማሽላ ማሳህ ውስጥ ወፍ ስትጠብቅ ዋልህ፤ ማታ ላይ የአንድ የማታውቀው ሰው ጠላት ሆነህ አደርህ። በዚህ ላይ ቃሉ መውጫ በር የለውም። «ተጣላ» «ታረቀ» የሚል ጓደኛ አለው፤ «ጠላት» ግን የሚጠፋ ወይም የሚሸነፍ ነው። አባቶቻችን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ «የጠላት ዘመን» ሲሉት ቃሉን በትክክል ተጠቅመውበታል፤ ባሕር አቋርጦ መርዝ ጋዝ ይዞ የመጣ ጦር ጠላት እንጂ ምን ሊባል ኖሯል? ችግሩ የመጣው ለወራሪ የተቀመጠው ቃል ለሰንበቴ ሰው፣ ለአጣዬ ሰው ሲሰጥ ነው።

አማርኛ በዚህ በኩል ድሃ ቋንቋ አይደለም። ከጠላት በታች ስንት ደረጃ አለ! ሁለት ሰዎች ትንሽ ነገር ሲበላቸው «ቅያሜ» ይባላል። ሰላምታ ሲያቋርጡ «ኩርፊያ» ነው። ቅያሜው ሳይፈታ ሲሰነብት «ቂም» ይሆናል፤ ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የመጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው ዕድሜ ነው። ቂም ሥራ ላይ ሲውል «በቀል» ይሆናል። («በቀለ» በአማርኛ ዘር ሲያቆጠቁጥም የምንለው ነው። በግዕዝ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ነበሩ፤ አማርኛ አንድ አደረጋቸው። አጋጣሚ ነው ብለን እንለፈው፤ የቆየ ቂም እንደ ዘር ከአፈር ሥር እንደሚቆይ ያየ ሰው ግን አጋጣሚነቱን ይጠራጠራል።) በንግድና በሹመት የሚተያዩ «ተቀናቃኝ» ወይም «ባላንጣ» ይባላሉ። የሌላው ማግኘት የሚያቃጥለው «ምቀኛ» ነው። የአንድ ባል ሚስቶች «ጣውንት» ናቸው። ዐረብኛው ጣውንትን የሚጠራበት «ደርራ» የሚለው ቃል «ጉዳት» ከሚለው ሥር የወጣ ነው፤ አማርኛው ግን ዝምድናውን እንጂ ጉዳቱን አይናገርም። ደግሞስ ጣውንቶቹ ቢነካከሱ ልጆቻቸው ወንድምና እህት አይደሉምን?

ሁለት ቃላት ግን ረጋ ብለን ልናያቸው ይገባል፤ «ባላጋራ»ና «ደመኛ»።

«ባላጋራ» ዛሬ በጋዜጦቻችን «ጠላት» ለማለት ብቻ ይጻፋል። በክርስቲያን ወገኖቻችን መጽሐፍ ቃሉ ሰይጣንን ለማመልከትም ስለገባ ክብደቱ ጨምሯል። የጥንት ቦታው ግን ችሎት ነበር። ባላጋራህ ማለት ከአንተ ጋራ ጉዳይ ያለው፣ በመሬት ወይም በውርስ ወይም በድንበር የሚሟገትህ ሰው ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ሌላው ይቆማል፤ አላፊ አግዳሚው የመንገድ ዳኛ ሆኖ ይሰማቸዋል። ነገሩ ከከበደ ወደ ሹሙ ይሄዳሉ፤ እስከዚያ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጠሩ ነበር። ባለዕዳና ባለገንዘብም በሰንሰለት ሳይቀር ተቆራኝተው ሲሄዱ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተነሡ ፎቶግራፎች ያሳያሉ። «ቁራኛ» የሚለው ቃል ከዚያ የተረፈ ነው፤ «የዓይን ቁራኛ» የምንለውም እሱኑ ነው።

ይህን ሥርዓት ልብ ይሏል። በነጠላ የተቋጠረ ሰው ባላጋራውን ትቶ መሮጥ አይችልም፤ ባላጋራው ሲደክመው እሱም ያርፋል፤ ባላጋራው ውኃ ሲጠጣ እሱም ይቆማል። ቀኑን ሙሉ ሲጓዙ አንዱ የሌላውን ሳል ይሰማል። ዳኛው ከፈረደ በኋላ ቋጠሮው ይፈታል፤ ባላጋራነቱም አብሮ ያበቃል። የተሸነፈው ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ ቂምም ሊይዝ ይችላል፤ ባላጋራ መሆኑ ግን ቀርቷል። እንግዲህ የይፋት ሰው በግጦሽ፣ በሮቢ ወንዝ ውኃ፣ በእርሻ ድንበር ሲካሰስ የኖረው በዚህ ዓይነት ባላጋራነት ነበር። ክርክሩ ዛሬም አለ፤ ነገም ይኖራል፤ ውኃ ባነሰበት ቆላ ውኃ ያለ ክርክር አይገኝም። የተለወጠው ነገር ቢኖር ክርክሩ ገና ከመነሣቱ «ጠላት መጣ» መባሉ ነው።

«ደመኛ» ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። ደም የፈሰሰበት ነው። ገዳዩና የሟች ወንድም ብቻ ሳይሆኑ የሁለቱም ወገን ዘመዶች ደመኞች ይሆናሉ፤ ልጅ ከአባቱ ይወርሰዋል። በዚህ በኩል ሲታይ ከ«ጠላት» የባሰ ቃል ይመስላል። አይደለም። ለምን ቢሉ፣ ደመኛነት የሚታወቅ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ነገር ደመኛ በስም ይታወቃል፤ የእገሌ ልጅ የእገሌን ልጅ በዚህ ቀን ገደለ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ገዳይ ከሰፈር ይርቃል፣ ገበያ ሲወጣ ይጠነቀቃል፤ ሽማግሌ ይገባል፤ ካሣው፣ ብዙዎች «ጉማ» የሚሉት፣ ይቆረጣል፤ የገዳዩ ዘመድ አዋጥቶ ይከፍላል። በመጨረሻ «ደም ደረቀ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ያንን ደም የሚያነሣ ሰው ራሱ አጥፊ ይሆናል። በወሎና በአካባቢው «አበጋር» የሚባሉት የእርቅ ሰዎች በዱዓና በሽምግልና የሚሠሩት ይህንኑ ነው። አገሩ «አበጋዝ» የሚል ቃልም አለው፤ የጦር መሪ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። ጋዜጦቻችን አበጋዙን ሲያውቁት አበጋሩን አያውቁትም፤ በዜናችን ውስጥ «የጦር አበጋዝ» ስንት ጊዜ ተጽፏል? «አበጋር»ስ?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «የጉማ ሥርዓት ድሮ ቀርቷል፤ በ2013 ዓ.ም. በመትረየስ ለተቃጠለች ከተማ ምን ዓይነት ካሣ ይቆረጣል?» የሚል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንድ ገዳይና አንድ ሟች ላላቸው ሰዎች የተሠራ ሥርዓት መቶ ሟችና ስሙ የማይታወቅ ገዳይ ሲመጣበት ይሰበራል። ሽማግሌ ከማን ጋር ይቀመጥ? «ማንነታቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች» የሚለው ሐረግ በየዜናው ሲደጋገም የሚያደርሰው ጉዳት ይኸው ነው፤ ስም ያለው ገዳይ ሲጠፋ ደሙ በመላው ሕዝብ ላይ ይፈሳል። ደመኛዬ እገሌ ነው ማለት ያልቻለች እናት ደመኛዋ እነዚያ ሁሉ ይሆኑባታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ሳይረሳ የቆየ ሰው የሚያስታውሰው ስም ከሌለው የሚያስታውሰው ብሔርን ወይም ሃይማኖትን ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤትም ሆነ መርማሪ ኮሚሽን ለይፋት ሊሠራ የሚችለው ትልቁ ነገር ከመቅጣት በፊት ስም መለየት ነው።

ይፋት ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በይፋት የነገሠው በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከደጋው ነገሥታት ጋር አንድ ጊዜ ሲገብር፣ አንድ ጊዜ ሲዋጋ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1332 ዐፄ ዐምደ ጽዮን በሱልጣን ሰብረዲን ላይ የዘመቱበትን ጦርነት የተረከው የግዕዝ ዜና መዋዕል ሱልጣኑን እንደ አመፀኛና እንደ ሃይማኖት ጠላት አድርጎ ያቀርበዋል። በዚያው ዘመን በግብፅ የነበረው አል-ዑመሪ ስለ ሰባቱ የሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ ደግሞ ለሐበሻው ንጉሥ የሚገብሩ መሆናቸውን ይነግረናል። አንዱ ጸሐፊ ጠላትነትን ሲያይ ሌላው ግብርን አየ፤ ሁለቱም አልዋሹም። ሰብረዲን ከተሸነፈ በኋላ በቦታው የተሾመውስ ማን ነበር? የገዛ ወንድሙ ጀማለዲን። ወንድም በወንድሙ ቦታ በ«ጠላት» እጅ ሲሾም፣ የትኛው ወገን ጠላት፣ የትኛው ወዳጅ እንደሆነ በአንድ ቃል ማን ይነግረናል?

ከዚያ አምስት መቶ ዓመት ያህል ወዲህ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ወደ ሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ይፋትን የሚያስተዳድረው ወላስማ መሐመድ የሚባል ሙስሊም ነበር። «ወላስማ» ያው የጥንቱ የሱልጣኖች ስም ነው፤ አሁን ግን የሸዋ ንጉሥ የቆላ ጠረፍ ጠባቂ ማዕረግ ሆኗል። እንዲያውም የንጉሡ ወንድሞች የታሰሩበት የጎንጮ እስር ቤት ኃላፊ እሱ ነበር። የክርስቲያኑ ንጉሥ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው የገዛ ወንድሞቹን ነበርና በአደራ የሰጣቸው የጥንት «ጠላቶቹ» ዘር ለነበረው ለይፋቱ ሙስሊም ነው። (ሸዋ ሮቢት ዛሬም በእስር ቤቷ ትታወቃለች፤ «ማረሚያ ቤት» ቢባልም።) ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው «እኛና እነሱ ከጥንት ጀምሮ ጠላቶች ነን» የሚል ንግግር ሲሰማ ከየትኛው ጥንት እንደተነሣ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ወደ ፖለቲካው ቃላት ስንመጣ ነገሩ ፈጠን ይላል፤ እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ሙዳይ ይዞ ይመጣልና። ደርግ «ፀረ አብዮት»፣ «አናርኪስት»፣ «ወንበዴ» አለ። ኢሕአዴግ «ትምክህተኛ»ና «ጠባብ» አለ። ሙስሊሙ ኅብረተሰብ ደግሞ «አክራሪ» የሚለውን ቃል በገዛ ቆዳው ያውቀዋል። በ2004 ዓ.ም. በመጅሊስ ምርጫና በሃይማኖት ጣልቃ ገብነት ላይ ጥያቄ ያነሣው ሕዝብ ወኪሎቹን «መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ» ብሎ ሰየማቸው። መፍትሔ ማፈላለግ! ከዚህ የለሰለሰ ስም ከየት ይመጣል? እነዚሁ ሰዎች በ2007 ዓ.ም. በሽብርተኝነት ተፈረደባቸው፤ እስከ 2010 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ደግሞ ተፈቱ። ቃሉ ሲለጠፍባቸው ያደረጉት ነገር አልተለወጠም፤ ሲነሣላቸውም አልተለወጠም።

በ2013 ዓ.ም. «ጁንታ» የሚል የባዕድ ቃል እስከ ገጠር ገበያ ድረስ ወረደ። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ህወሓትንና «ሸኔ» የተባለውን ቡድን አሸባሪ ብሎ ሰየመ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ያው ምክር ቤት የህወሓትን ስያሜ አነሣ። በእጅ ብልጫ የወጣ ስም በእጅ ብልጫ ወረደ። ለሕግ ሰው ይህ ግልጽ አሠራር ነው፤ ስያሜ የሰጠ አካል ስያሜ ያነሣል። በመካከሉ ግን ያንን ቃል ሰምቶ ጎረቤቱን ያፈናቀለ፣ ተከራዩን ያስወጣ፣ የሥራ ባልደረባውን የጠቆመ ሰው አለ። ለእሱ የሚነሣለት ነገር የለም።

ከነዚህ ሁሉ የሚያስገርመን የ«ተቃዋሚ» ጉዳይ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት አንደበት «ተቃዋሚ ፓርቲ» ቀርቶ «ተፎካካሪ ፓርቲ» ሆነ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ተቃዋሚ የሚለው ቃል የጠላትነት ጣዕም አለው ተብሎ ነው። እስቲ ሁለቱን ቃላት እንፍታቸው። «ተቃወመ» የመጣው «ቆመ» ከሚለው ነው፤ ፊት ለፊት ቆመ ማለት ነው። ምንም ደም የለበትም፤ ሰው በሐሳብ ከሰው ፊት ይቆማል፣ ከዚያ ይቀመጣል። «ተፎካከረ» የመጣው «ፎከረ» ከሚለው ነው። ፉከራ ምን እንደሆነ ለይፋት ሰው አይነገረውም፤ ጦር ይዞ፣ እየተንጎራደደ፣ የገደለውን እየቆጠረ የሚያሰማው ነው። እንግዲህ ከመቆም ወደ ፉከራ ተሸጋገርን፤ ይህንንም መለሳለስ አልነው! በእኛ አስተያየት «ተቃዋሚ» የሚለው ቃል ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ መቃወም ወንጀል ተደርጎ መቆየቱ ነው። ዕቃው ያው ሆኖ ስሙን መቀየር ብዙም አይጠቅምም።

ዲናችንስ በዚህ ላይ ምን ያስተምራል? ዐረብኛ በችሎት ለሚሟገት ሰው «ኸስም» የሚል ቃል አለው፤ ለጠላት ደግሞ «ዐዱው»። ሁለቱ አይቀላቀሉም። ቁርኣን ሰይጣን የሰው ልጅ ዐዱው መሆኑን ደጋግሞ ያስታውሰናል። በሌላ በኩል አምሳ ስምንተኛው ሱራ «አል-ሙጃደላ» የተባለው ስለ ባሏ ጉዳይ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ቀርባ በተከራከረች ሴት ነው። ክርክሯ አላስወገዛትም፤ አቤቱታዋ ተሰማላት፤ ሱራውም በእሷ ነገር ተጠራ። (በነገራችን ላይ በኦሮምኛ «ዲና» ጠላት ነው፤ የኛ «ዲን» ደግሞ ሃይማኖት። በሰንበቴ ገበያ ሁለቱም በአንድ ሜዳ ሲነገሩ ሰሚው በመጨረሻዋ ድምፅ ይለያቸዋል እንጂ አይጋጭባቸውም።)

ከዚህ ይልቅ ለጋዜጠኛ የሚጠቅመው የፊቅህ ሰዎች ስለ ምስክር ያስቀመጡት ነው። በሻፊዒይና በሌሎችም መዝሀቦች፣ በዱንያ ጉዳይ ጠላት የሆነ ሰው በጠላቱ ላይ የሚሰጠው ምስክርነት ተቀባይነት የለውም። ይህን ለማለት ጠላት ማን እንደሆነ መወሰን ነበረባቸውና ኢማም አን-ነወዊ «ሚንሃጅ» በተባለው ኪታባቸው መለኪያ አስቀምጠዋል፤ በአጭሩ ጠላት ማለት ያ ሰው ጸጋው እንዲወገድ የሚመኝ፣ በደስታው የሚያዝን፣ በመከራው የሚደሰት ነው። መለኪያው እንዴት ጠባብ እንደሆነ ይታያችሁ! ብሔር አላነሡም፤ ሰፈር አላነሡም፤ በንግድ የሚፎካከርህን ወይም በመሬት የሚሟገትህን ጠላት አላሉትም። የአንድን ሰው ልብ፣ በአንድ ሌላ ሰው ላይ ያለውን ነገር ነው የለኩት። በዚህ መለኪያ ሸዋ ሮቢት ላይ ቆመን ብንቆጥር በጎረቤቱ ቤት መቃጠል የተደሰተ ስንት ሰው እናገኛለን? ቤት የሸሸገ፣ ሌሊት መንገድ ያሳየ፣ የሸሸውን ከብት የያዘ ሰው በቆላው ሞልቷል። የተደሰተም አይጠፋም። ቁጥሩ ግን ጋዜጣ ከሚለው ጋር አይገጥምም።

ይኸው ሕግ ወደ እኛ ሙያ ሲመጣ ከባድ ነገር ያዘናል። የአንዱን ወገን ታጣቂ ስለ ሌላው ወገን ጠይቀን፣ ያለውን ጽፈን «የዓይን እማኝ ገለጸ» ብንል፣ ቃዲው የማይቀበለውን ምስክር እኛ ተቀበልን ማለት ነው። ቃዲው የሚፈርደው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ እኛ የምንፈርደው በአንድ ወረዳ ላይ።

በመጨረሻ «ግጭት» ስለሚለው ቃል ጥቂት እንበል፤ በይፋት ጉዳይ ሰውን ከሁሉ አብልጦ የሚያስቆጣው ይህ ቃል ነውና። «ተጋጨ» እንደ «ተጣላ» ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ ሁለት መኪና ሲጋጭ ሁለቱም ተንቀሳቅሰዋል። ቤቷ ተቀምጣ ሳለ የተቃጠለባት ሴት «በግጭቱ ንብረቷ የወደመ» ተብላ ስትጻፍ ሁለተኛ ትቃጠላለች፤ ማንን ገጨችና? ለእሷ ትክክለኛው ቃል «ጥቃት» ነው። ነገር ግን «ጥቃት» የሚለውን ሁሉም ወገን ለራሱ ብቻ ስለሚፈልገው ጸሐፊው ይፈራና ወደ «ግጭት» ይሸሻል። በአንድ ቀን ውስጥ ግን ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ጧት ታጣቂና ታጣቂ ተጋጩ፤ ከሰዓት በኋላ ያልታጠቀው ተጠቃ። ዜናው ሁለት አንቀጽ ከሆነ ሁለቱ ቃላት በየአንቀጻቸው ይቀመጡ። «የሁለቱ ሕዝቦች ግጭት» የሚለው ሐረግ ግን በየትኛውም አንቀጽ ቦታ የለውም፤ ሕዝብ ገበያ ወጥቶ ሽንኩርትና ማንጎ ይሸጣል እንጂ አይጋጭም። የተኮሰው ሰው ስም ከታወቀ ስሙ ይጻፍ። ካልታወቀ የታየበት ቦታና ሰዓት፣ የያዘው መሣሪያ፣ የለበሰው ልብስ ይጻፍ። ነገ ሽማግሌ ወይም ዳኛ ሲቀመጥ የሚፈልገው እሱን ነው።